«ሱስን በላብ ማውጣት»፦ ስለ ስፖርትና ሱስ ህክምና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ስፖርት ጀምር፣ ሱሱ ይለቅሃል» ተብሎ ያልተመከረ፣ ከሱስ ጋር የሚታገል ሰው የለም ማለት ይቻላል። ምክሩ ባዶ አይደለም። ግን በስንተኛው ቀን፣ ለስንት ደቂቃ፣ ከየትኛው መድኃኒት ጋር የሚለው አብሮ አይነገርም፤ ጉዳቱም የሚመጣው ከዚያ ነው።

«ላብ መርዙን ጠርጎ ያወጣል»

እውነታው፦ ከጠጡት አልኮል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያስወግደው ጉበት ነው። በላብ፣ በትንፋሽና በሽንት የሚወጣው ትራፊው ብቻ ነው፤ መሮጥም ጉበትን አያጣድፈውም። ላስቲክ ለብሶ መሮጥ ወይም ሳውና ውስጥ መቀቀል የሚያወጣው ውሃና ጨው ነው። ዕፁን ባቆመ ሰሞን የሚያስመልሰውና የሚያስቀምጠው ሰው ደግሞ ውሃውና ፖታሲየሙ ቀድሞም ስለተመናመነ፣ በዚያ ላይ ማላብ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል።

«ባቆሙበት ቀን በሩጫ መጀመር ነው»

ይኼኛው አመለካከት ሰው ይገድላል። ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ባሉት ከ6 እስከ 48 ሰዓታት ውስጥ የሚጥል በሽታን የመሰለ መንፈራገጥ ሊገጥመው ይችላል። ከ48 እስከ 96 ባሉት ሰዓታት ደግሞ ዲሊሪየም ትሬመንስ የሚባለው አደገኛ ሁኔታ ሊከተል ይችላል፦ መዘበራረቅ፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳት፣ ቁጭ ብሎም ልብ መምታት። እነዚህ ሲታዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ «ትንሽ ንፋስ ይንካው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ቤንዞዳያዜፒን የተባሉትን የእንቅልፍና የጭንቀት ኪኒኖች በድንገት ማቆምም ተመሳሳይ አደጋ አለው። በእነዚህ ቀናት ሐኪም ከፈቀደ ክፍል ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለትና ሰውነትን ማፍታታት ይበቃል። ሲጋራ ግን ከዚህ ይለያል፤ ጤነኛ ሰው ባቆመበት ቀን መራመድ ይችላል።

«አንድ ሰዓት ካልሠሩ ዋጋ የለውም»

እውነታው፦ የስፖርት ትልቁ ጥቅም የሚታየው በአጭር ጊዜ ውስጥ ነው። 10 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ የሲጋራ ሐራራን በእርምጃው ወቅትና ከዚያም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ያበርዳል። ሐራራ ማዕበል ነው፤ ከፍ ይላል፣ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል። ስለዚህ ውል ሲል ወዲያው መነሳት፣ ከቦታው መራቅ፣ ማውራት በሚያስችል ግን መዝፈን በማያስችል ፍጥነት 10 ደቂቃ መራመድ። መንገዱን አስቀድሞ መምረጥ ግድ ነው፤ በመጠጥ ቤቱ ደጅ የሚያልፍ ከሆነ እርምጃው ራሱ ፈተና ይሆናል። መውጣት ካልተቻለ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር።

ለዘለቄታው በሳምንት አራትና አምስት ቀን በ10 ደቂቃ ተጀምሮ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨመርበታል። መድረሻው የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እና ሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ድሮ ስፖርተኛ የነበረው ሰው ላይ ነው፦ በድሮ ፍጥነቱ ይጀምራል፣ በሦስተኛው ቀን መነሳት ያቅተዋል፣ ከዚያ «እኔ ለምንም አልሆንም» ይላል፤ ለማገርሸት ደግሞ ይህ ሐሳብ ይበቃዋል። ከከባድ ልምምድ በኋላ ሽንት እንደ ኮካ ከጠቆረና ጡንቻ ክፉኛ ካመመ፣ ጡንቻው ፈርሶ ኩላሊትን እየጎዳ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል።

«በርትቶ የሠራ መድኃኒትም ምክርም አያሻውም»

እውነታው፦ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግመው ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ ኮክሬን፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ 24 ጥናቶችን መርምሮ፣ ስፖርት በማቆሚያ ድጋፍ ላይ መጨመሩ ሲጋራ ለስድስት ወርና ከዚያ በላይ ለማቆም ተጨማሪ ጥቅም እንዳለው ማስረጃ አላገኘም። የዛሬን ሐራራ ማለፍና ዓመቱን መዝለቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለሄሮይንና ለመሰል ኦፒዮይድ ዕፆች ሱስ ማከሚያ የሚሰጡትን ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን የሚወስድ ሰው በስፖርት ተማምኖ መድኃኒቱን ቢተው፣ ሰውነቱ ዕፁን የመቋቋም አቅሙን ያጣል፤ አገርሽቶበት የድሮውን መጠን ቢወስድ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል።

«ደስታው ከኢንዶርፊን ነው፣ ናልትሬክሶን ያጠፋዋል»

ኢንዶርፊን ሰውነት ራሱ የሚሠራው ሕመም አስታጋሽ ነው፤ ናልትሬክሶን ደግሞ ለመጠጥና ለኦፒዮይድ ሱስ የሚሰጥ፣ የኢንዶርፊንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ነው። ግን ደም ውስጥ ያለ ኢንዶርፊን ወደ አንጎል በቀላሉ አይሻገርም። ናልትሬክሶን ወስደው 45 ደቂቃ የሮጡ ሰዎችም የሩጫውን ደስታ ተሰምቷቸዋል። ስለዚህ በሩጫ ቀን ኪኒኑን መዝለል ምክንያት የለውም።

«የልብ ምት ሰዓቴ ካልጮኸ አልሠራሁም»

እውነታው፦ ለመንቀጥቀጥ ወይም ለጭንቀት ፕሮፕራኖሎልና መሰል ቤታ ብሎከሮች የሚወስድ ሰው የልብ ምቱ በመድኃኒቱ ይያዛል፤ ሰዓቱን ለማስጮህ ሲሞክር ከአቅሙ በላይ ይሮጣል። ኮኬይን ወይም ሜታምፌታሚን ይጠቀም የነበረ ሰው ልቡ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ከባድ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት የልብ ምርመራ ማድረግ አለበት። ለሁለቱም ከሰዓቱ ይልቅ አንደበት ይሻላል፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መጨረስ ካቃተ ፍጥነት ይቀነስ፤ ደረት ከጨመደደ ወይም ራስ ከዞረ ይቁም።