ሳይካትሪ ነርስ ምንድን ነው? ተመርቆስ ምን ይጠብቀዋል?

ከአዲስ አበባ ወጣ ባለ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ እስከ አጥሩ ጥግ መሄድ አለበት። አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ሦስት ወንበር፣ ካርድ የተጨናነቀበት መደርደሪያ። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠውን ወጣት አስታማሚዎች «ዶክተር» ይሉታል። ዶክተር አይደለም። መጀመሪያ ሰሞን ያርማቸዋል፤ ጥቂት ወራት ሲያልፉ ማረሙን ይተዋል።

ሳይካትሪ ነርስ፣ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ «የአእምሮ ሕክምና ነርስ»፣ በአእምሮ ሕመም ምርመራና ሕክምና የሠለጠነ ነርስ ማለት ነው። ሥራው ግን ከስሙ ይሰፋል። በሌላው ክፍል ያለ ነርስ ሐኪም ያዘዘውን መርፌ ይወጋል፣ ቁስል ይጠርጋል፣ ሙቀት ይለካል። ይኸኛው በሽተኛው እንቅልፍ ካጣ ስንት ቀኑ እንደሆነ፣ ብቻውን ሲያወራ ማን እንዳየው፣ ራሱን ለማጥፋት አስቦ ያውቅ እንደሆነ ራሱ ይጠይቃል፤ የሕመሙን ስም ራሱ ካርድ ላይ ይጽፋል፤ ሃሎፔሪዶል ወይም አሚትሪፕቲሊን የተባሉትን የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ራሱ ያዝዛል። በየወሩ የሚሰጠውን የፍሉፌናዚን መርፌ ቀን ቆጥሮ የሚጠብቅ፣ ታካሚ ሲቀርበት ለቤተሰቡ የሚደውል እሱ ነው። የሚጥል በሽታ ያለባቸውም በአብዛኛው የሚታዩት እሱ ዘንድ ነው። በዚያ ላይ «ልክፍት ነው እንጂ በሽታ አይደለም» የሚል አባት ፊቱ ተቀምጧል። ብልህ ነርስ ከጠበሉ ጋር አይጣላም፤ «ጠበሉንም ይጠጣ፣ ክኒኑንም ይዋጥ» ብሎ ይስማማል።

ስሙ ነርስ፣ ሥራው የሐኪም የሆነበት ምክንያት አለው። አገሪቱ ለረጅም ዘመን የነበራት የአእምሮ ሆስፒታል መርካቶ አካባቢ የሚገኘው አማኑኤል ብቻ ነበር። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ሲጀምር በመላው ኢትዮጵያ የነበሩት ስፔሻሊስቶች በጣት የሚቆጠሩ፣ አሥራ አንድ ያህል ነበሩ። ስለዚህ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ ሌላ መንገድ ተቀይሶ ነበር፦ በሥራ ላይ ያሉ ነርሶችን አማኑኤል አምጥቶ አንድ ዓመት ማሠልጠን፣ ከዚያም ሁለት ሁለት እያደረጉ ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች መላክ። ዛሬ በየክልሉ ያለው የአእምሮ ሕክምና የቆመው በእነዚያ ነርሶች ትከሻ ላይ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ልብ መባል ያለበት፣ እነዚያ ነርሶች ወደ ሥልጠናው የገቡት ደመወዝና የሥራ መደብ ይዘው መሆኑ ነው። ሲጨርሱ የሚመለሱበት ወንበር ነበራቸው። ኋላ ግን ጎንደርን፣ መቀሌንና ዲላን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ከመሰናዶ የመጣውን ተማሪ በቀጥታ ተቀብለው በዘርፉ በመጀመሪያ ዲግሪ ማስመረቅ ያዙ። የድሮው ሥልጠና ሠራተኛ ያሠለጥን ነበር፤ የአሁኑ ሥራ ፈላጊ ያስመርቃል።

አዲሱ ምሩቅ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። አራት ዓመት ሙሉ «የአእምሮ ጤና ባለሙያ እጥረት አለ» ሲባል ሰምቷል፤ እውነትም አለ። እጥረት አለ ማለት ግን ክፍት መደብ አለ ማለት አይደለም። ሆስፒታል ነርስ የሚቀጥረው ታካሚ ስለተሰለፈ ሳይሆን በመዋቅሩ ላይ መደብ ሲኖርና ለመደቡ በጀት ሲያዝ ነው። አንድ ሆስፒታል ለአእምሮ ሕክምና የሚፈቀድለት መደብ ከጥቂት ሰዎች አይዘልም፤ እነዚያ ከተያዙ ሰልፉ እስከ በር ቢደርስም ቅጥር የለም። መደቡ ተፈቅዶ በጀት ያልተመደበለት ጊዜም አለ። ያን ጊዜ መዋቅሩ ላይ ሰው እንደሚያስፈልግ ተጽፏል፣ ወንበሩም ባዶ ነው፣ ምሩቁም ቤቱ ተቀምጧል።

ከቅጥር ማስታወቂያው በፊት ሁለት ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ የጤና ተመራቂ ደግሞ ለሙያ ፈቃድ የጤና ሚኒስቴርን የብቃት ምዘና ማለፍ አለበት። ፈቃድ የሌለው ማመልከቻ አይታይም። እነዚህን ካለፉ በኋላ የሚቀረው ያው የሁሉም ምሩቅ ዕጣ ነው፦ የቴሌግራም ማስታወቂያ መፈተሽ፣ አራት ኪሎ ሰሌዳ ሥር መቆም፣ «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የምትለዋን መስመር መፈለግ።

ደመወዙን በወረቀት ላይ እንየው። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሰ የክፍያ ጥያቄ አንሥተው ነበር። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ጀማሪ መነሻው ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። በአዲሱ የገቢ ግብር ሰንጠረዥ ከ11,500 ብር ላይ 2,100 ብር ግብር ይነሣል፤ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 805 ብር ይጨመርበታል። እጅ የሚገባው 8,595 ብር ነው። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ ሲከፈል የሚተርፈውን አንባቢ በየከተማው ያስላው።

ነርሶች ይህን የሚያሟሉት በዲዩቲ ክፍያ ነው፤ የሌሊት፣ የቅዳሜና እሑድ ተረኝነት። ሳይካትሪ ነርስ እዚህ ላይም ይጎዳል። በብዙ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምናው የተመላላሽ ክፍል ብቻ ነው፤ አልጋ ከሌለ ሌሊት የሚያድር ታካሚ የለም፣ ታካሚ ከሌለ ዲዩቲ የለም። ድንገተኛ ክፍል ወይም ተኝቶ ማከሚያ ተረኛ ካልሆነ በቀር ደመወዙ ደረቅ ነው። ዲዩቲ የሠሩትም ቢሆኑ ክፍያው ለወራት ሲጓተትባቸው ማየት አዲስ አይደለም።

የግል ክሊኒክና የሱስ ማገገሚያ ማዕከል ሌላው በር ነው፤ በብዛት ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ክፍያውም በስምምነት። ሻል ያለ ገንዘብ ያለው በእርዳታ ድርጅቶች ዘንድ ነው። በስደተኞች መጠለያና ግጭት በጎዳቸው አካባቢዎች «የአእምሮ ጤናና ሥነ ልቦናዊ ድጋፍ» የሚል ፕሮጀክት ሲከፈት ሳይካትሪ ነርስ ይፈለጋል። ነገር ግን ልምድ ይጠይቃሉ፤ ውሉም ከፕሮጀክቱ ጋር ይሞታል። ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው፣ ሩቅም ቢሆን የወረዳ ሆስፒታል መደብ ከተገኘ መያዝን ነው። እዚያ በአንድ ዓመት የሚያየውን የሕመም ዓይነት ዋና ከተማ ያለ የክሊኒክ ረዳት በአምስት ዓመት አያየውም።

ውጭ አገር ለመሄድ የሚያስብ ደግሞ ዲግሪው ላይ የተጻፈውን ስም ያጢን። አሜሪካ የምትቀበለው አጠቃላይ ነርስን ነው፤ የውስጥ ደዌና ቀዶ ሕክምና፣ የእናቶች፣ የሕፃናትና የአእምሮ ነርሲንግ ትምህርትና ልምምድ በትራንስክሪፕቱ ላይ ሊታይ ይገባል። በአእምሮ ዘርፍ ብቻ የተመረቀ ሰው ማስረጃው ሲገመገም እዚያው ይቆማል፤ ብዙዎች ነርሲንግን ከመጀመሪያው መማር ግድ ይሆንባቸዋል። ብሪታንያ በተቃራኒው የአእምሮ ጤና ነርስን ራሱን የቻለ ዘርፍ አድርጋ ትመዘግባለች፤ የብቃት ፈተናውም ለብቻው ነው። ኢትዮጵያ ግን የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያ እጥረት አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች የእንግሊዝ መንግሥት ሆስፒታሎች መጥተው መመልመል አይፈቀድላቸውም፤ ባለሙያው ራሱ ማመልከት ይችላል።

በአሜሪካ እንደገና ተምረው ነርስ ከሆኑት ኢትዮጵያውያን መካከል ወደ አእምሮ ሕክምና የሚመለሱ አሉ። የተመዘገበ ነርስ መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ እ.ኤ.አ. በ2024 93,600 ዶላር ነበር። ማስተርስ ተምሮ መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣን ያለው ነርስ ለመሆን ለበቃ፣ መካከለኛው 129,210 ዶላር ይደርሳል። መርምሮ፣ የሕመሙን ስም ጽፎ፣ መድኃኒት አዝዞ፣ ቀጠሮ መስጠት፤ አጥር ጥግ ባለው ክፍል በመጀመሪያ ዲግሪ ሲሠራው የነበረው ሥራ ማለት ነው።