የእርጅና ቅናሽ ምንድን ነው? ያገለገለ ሞተር ሳይክል ዋጋው ለምን ይወርዳል፣ ለምንስ አልወርድ ይላል?

የሒሳብ ባለሙያዎች «የእርጅና ቅናሽ» የሚሉት፣ አንድ ንብረት ሲያገለግልና ዕድሜው ሲገፋ ከዋጋው ላይ በየዓመቱ የሚቀነሰውን መጠን ነው። ድርጅቶች ይህን ቅናሽ መዝገብ ላይ ያሰፍሩታል፤ ግብር ሲሰላም እንደ ወጪ ይያዝላቸዋል። ሞተር ሳይክል ገዝቶ ዕቃና ሰው እያመላለሰ የሚኖር ሰው መዝገብ አይኖረው ይሆናል፤ ቅናሹ ግን አይቀርለትም። ልዩነቱ፣ ድርጅቱ በየዓመቱ የሚያውቀውን ግለሰቡ የሚያውቀው ሊሸጥ ሲያወጣው መሆኑ ነው።

በመዝገብ ላይ ነገሩ ቀላል ነው። በ100,000 ብር የተገዛ ሞተር ሳይክል በየዓመቱ ከቀሪ ዋጋው 20 በመቶ ይቀነስለት ብንል፣ በአንደኛው ዓመት ማብቂያ 80,000፣ በሁለተኛው 64,000፣ በሦስተኛው 51,200፣ በአራተኛው 40,960 ብር ይሆናል። ቅናሹ መጀመሪያ ላይ ትልቅ ነው፤ እያደር ያንሳል። ገበያው ግን በዚህ ስሌት አይመራም። ሞተር ሳይክሉን ሁለት ዓመት ነድቶ ከገዛበት ዋጋ በላይ የሸጠ ሰው በየሰፈሩ አለ። አንድ ዓመት ብቻ ነድቶ ግማሹን ያጣም አለ። ሁለቱም እውነት የሚሆኑት፣ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ዋጋ የሚወሰነው በዕቃው ማርጀት ብቻ ስላልሆነ ነው።

ማርጀቱን እናስቀድም። ቴስታታው፣ ፒስተኑና ፋሻው (ፒስተኑ ላይ የሚገጠመው ቀለበት)፣ ፍሪሲዮኑ፣ ኩሽኔታዎቹ ሁሉ የተወሰነ ዕድሜ አላቸው። ጥሩ ሞተር ዋጋውን የሚይዘው የመጀመሪያው ሙሉ ጥገና እስኪደርስ ድረስ ነው። ገዢው ጭሱ ሰማያዊ ሆኖ ሲያየው ዘይት እየበላ መሆኑን ያውቃል፤ ወዲያው የፋሻና የሲሊንደር ሥራ ወጪውን በልቡ አስልቶ ከዋጋው ላይ ያነሳል። ከዚያ በኋላ ግን ቅናሹ ማለቂያ የለውም ማለት አይደለም። ሞተር ሳይክሉ ተፈታቶ ቢሸጥ የሚያወጣው ገንዘብ አለ፤ ቸርኬው፣ ካርቡራተሩ፣ ሰልባቲዮው፣ መብራቱ ለየብቻቸው ገዢ አላቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መለዋወጫ የሚሸጥበትን ሶማሌ ተራን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። ያረጀ ሞተር ሳይክል ዋጋ ከዚህ ወለል በታች እምብዛም አይወርድም፤ ለዚህ ነው የስምንትና የአሥራ ሁለት ዓመት ሞተር ሳይክሎች የዋጋ ልዩነት የአንድና የአራት ዓመቶቹን ያህል የማይሰፋው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ያገለገለን ዕቃ ዋጋ ከሁሉም በላይ የሚወስነው የአዲሱ ዋጋ ነው። ማንም ሰው አሮጌውን የሚገዛው አዲሱን ከመግዛት ጋር እያነጻጸረ ነው፤ አዲሱ ሲወደድ አሮጌው አብሮ ይነሳል። የእኛ አገር ገበያ ደግሞ አዲሱ ሞተር ሳይክልም ሆነ መለዋወጫው ከውጭ የሚመጣበት ገበያ ነው፤ አገር ውስጥ የሚገጣጠመውም ቢሆን ክፍሎቹ የሚገዙት በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ አንድ ወር ሳይሞላም ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን በየሰው ግቢ የቆመው ሞተር ሳይክል አልታደሰም፤ ኪሎ ሜትሩም አልቀነሰም። ባለቤቱ የሚጠይቀው ዋጋ ግን ጨመረ፤ ገዢውም ከፈለ፤ ምክንያቱም አዲሱን ለማስመጣት የሚያስፈልገው ብር ጨምሮ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ስሕተት አለ፤ ስለዚህ በቁጥር ማስረዳት እፈልጋለሁ። አንድ ወጣት አዲስ ሞተር ሳይክል በ100,000 ብር ገዛ እንበል። ሦስት ዓመት ሠራበትና በ120,000 ብር ሸጠው። 20,000 ብር ያተረፈ ይመስላል፤ ቤተሰቡም ጓደኞቹም እንዲያ ይሉታል። ነገር ግን በሸጠበት ቀን ያው ዓይነት አዲስ ሞተር ሳይክል 200,000 ብር የሚያወጣ ከሆነ፣ የሸጠው በአዲሱ ዋጋ 60 በመቶ ነው። ሞተር ሳይክሉ 40 በመቶ አርጅቷል ማለት ነው፤ ሥራውን ለመቀጠል የሚጎድለው ገንዘብም 80,000 ብር ነው። ቅናሹ ነበረ፤ የተሸፈነው በብሩ መድከም ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ ለብዙ ወጣቶች ሞተር ሳይክል መጓጓዣ ብቻ ሳይሆን መተዳደሪያ ስለሆነ ነው። በጅማ፣ በጋምቤላና በሌሎችም ብዙ ከተሞችና የገጠር መንገዶች ሰው የሚያመላልሱ፣ በአዲስ አበባ ዕቃ የሚያደርሱ ልጆች በየቀኑ የሚያገኙትን ገንዘብ ከቤንዚንና ከዘይት ወጪ በኋላ የተረፈ ሁሉ ትርፍ አድርገው ይቆጥሩታል። ከዚያ ውስጥ ግን አንዱ ክፍል የሞተሩ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ 80,000 ብር በ36 ወራት ሲካፈል በወር 2,200 ብር ገደማ ይሆናል። ይህን ያህል ያላስቀመጠ ሰው ሞተሩ ሲደክም እንደገና ብድር ፍለጋ ይወጣል፤ ሦስት ዓመት ሠርቶ ወደ ጀመረበት ይመለሳል። ዋጋው «አልወረደም» የሚለውን ወሬ አምኖ መቀመጥ የሚያስከፍለው ይህን ነው። ስለዚህ አንድ ሞተር ሳይክል ዋጋውን ይዟል አልያዘም ለማለት የተገዛበትን ብር ሳይሆን የዛሬውን የአዲስ ዋጋ መለኪያ ማድረግ ያስፈልጋል።

አዲሱ ጨርሶ ሲጠፋ ደግሞ አሮጌው ዋጋውን የበለጠ ይይዛል። በአውሮፓውያኑ 2020 እና 2021 በኮቪድ ምክንያት ፋብሪካዎች ሲዘጉና የመርከብ ጭነት ሲስተጓጎል በአሜሪካም በአውሮፓም ያገለገሉ ሞተር ሳይክሎች ዋጋ ከፍ ብሎ ነበር፤ አቅርቦቱ ሲመለስ ዋጋውም ረገበ። በእኛም ዘንድ ወረፋና የውጭ ምንዛሪ እጥረት ባለበት ጊዜ፣ ታርጋው ተለጥፎ ሊብሬው ተዘጋጅቶ ዛሬውኑ ሥራ የሚጀምር አሮጌ፣ ወራት ከሚያስጠብቅ አዲስ ጋር ተቀራራቢ ዋጋ ሲጠየቅበት ሊያስገርም አይገባም። ገዢው የሚከፍለው ለዕቃው ብቻ ሳይሆን ከመጠበቅ ለሚተርፈው ጊዜም ጭምር ነው።

ከአንድ ዓመት ምርት ሁለት የተለያዩ ሞተር ሳይክሎች ለምን እኩል አይሸጡም? እዚህ ላይ የሚለየው የመለዋወጫና የመካኒክ ነገር ነው። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ የሚሠራውን ቦክሰር ወይም የቲቪኤስ ሞተር ሳይክሎችን ተመልከቱ። ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዙ፣ ብዙ ኤሌክትሮኒክስ የሌለባቸው ናቸው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለ መካኒክ ሳይቀር ፈትቶ ይገጥማቸዋል፤ ካንዴላቸውም የፍሬን ሸራቸውም በየሱቁ ይገኛል። እንዲህ ያለ ሞተር ሳይክል ሲሸጥ ገዢው ብዙ ነው፤ ገዢ የበዛበት ዕቃ ደግሞ በቶሎ ይሸጣል፣ ዋጋውም ብዙ አይደራደርም። ከእነሱ ፈጣንና ውብ የሆነ ግን በአካባቢው ብቸኛ የሆነ ሞተር ሳይክል፣ አንድ የተሰበረ ዕቃ ለወራት ሊያቆመው ስለሚችል፣ በአዲስነቱ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ሁለተኛ ገዢ ፊት ሲቀርብ ዋጋው ይደቃል።

በዚህ ረገድ ያማሃ ኤጂ 100 ጥሩ ምስክር ነው። ለእርሻ ሥራ ታስቦ የተሠራ፣ ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ በክዳን የተሸፈነ፣ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ ያለው ሞተር ሳይክል ነው። ለዓመታት የግብርና ባለሙያዎችና የዕርዳታ ድርጅቶች ሠራተኞች በጭቃና በአቧራ መንገድ ሲነዱት ኖረዋል። ዘይት ከቤንዚን ጋር አብሮ የሚያቃጥል የቆየ ቴክኖሎጂ ነው፤ ሆኖም ጥንካሬውን ያየ የገጠር ሰው አያጣጥለውም። ዝና ማለት እንዲህ ነው፤ በማስታወቂያ የሚገዛ ሳይሆን በመንገድ ላይ የተመሰከረ። ለዋጋ የሚሠራውም ይኸኛው ዝና ነው።

አንዳንድ ሰው «ብርቅ የሆነ ዕቃ ዋጋው ይጨምራል» ሲል ይሰማል። ይህ የሰብሳቢዎች ገበያ ሕግ ነው። በእንግሊዝ አገር ከአውሮፓውያኑ 1948 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የተሠራው ቪንሰንት ብላክ ሻዶው ከ2,000 ያነሰ ቁጥር ያለው፣ በዘመኑ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚበር ሞተር ሳይክል ነበር። ዛሬ ሀብታም ሰብሳቢዎች በጨረታ የሚሻሙበት ነው፤ የሚገዙት ግን ሊሠሩበት አይደለም። በሥራ ገበያ ሕጉ የተገላቢጦሽ ነው። የበዛው ይወደዳል፤ ብርቁ ይፈራል።

ዕቃው ምንም ሳይሆን ዋጋው በአንድ ሌሊት የሚወድቅበትም መንገድ አለ፤ እሱም ሞተር ሳይክሉ በከተማው እንዲንቀሳቀስ የሚሰጠው ፈቃድ ነገር ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር፣ በከንቲባ ታከለ ኡማ ጊዜ፣ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ ከተወሰኑ ፈቃድ ካላቸው ተቋማት በቀር ሞተር ሳይክል በከተማዋ እንዳይንቀሳቀስ አገደ፤ ምክንያቱ በሞተር ሳይክል የሚፈጸም ወንጀል መብዛቱ ነበር። በዚያ ሳምንት ሞተር ሳይክል የያዘ ሰው ሁሉ የያዘው ያው ጤነኛ ብረት ነው። ሊነዳው ግን አልቻለም። በኋላ በምዝገባና በቅድመ ሁኔታ ተፈቀደ፤ እስከ ዛሬም በታላላቅ ጉባኤዎችና በዓላት ሰሞን ለጊዜው የሚታገድበት ቀን አለ። ፈቃድ ያለውና የሌለው ሞተር ሳይክል በአንድ ከተማ ውስጥ እንደ አንድ ዕቃ የማይሸጡት ለዚህ ነው።

ወረቀቱም ከዚሁ ይመደባል። ሊብሬ፣ የታደሰ ቦሎ፣ ቀረጥ የተከፈለበት ማስረጃ፣ ስም ሊያዛውር የሚችል ሻጭ፤ ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ዋጋው ይወርዳል፤ መውረድም አለበት። በጠረፍ በኩል በኮንትሮባንድ የገባና ታርጋ የሌለው ሞተር ሳይክል ርካሽ የሚሆነው መካኒኩ ስለማይወደው አይደለም፤ የሚገዛው ሰው የመወረስ ሥጋቱንም አብሮ ስለሚገዛ ነው። በውክልና ከእጅ ወደ እጅ የዞረም እንዲሁ ነው። ውክልና የሰጠው የመጀመሪያው ባለቤት ከሞተ ወይም ከተሰወረ ስም ማዛወሩ ትልቅ ጣጣ ይሆናል። ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በዓይን ማስተያየት ደቂቃ አይፈጅም። ሰው ይህን ትቶ በቀለሙ ላይ ሲከራከር ማየት ያሳዝነኛል።

የተጓዘበትን ርቀት በተመለከተ፣ ሁለት የሁለት ዓመት ሞተር ሳይክሎች አንድ ዕድሜ የላቸውም። በቀን 100 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን የሚሠራ በሁለት ዓመት 60,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ቢሮ ለመድረስ ብቻ የሚነዳው ከዚያ አንድ አምስተኛውንም ላይሞላ ይችላል። ቆጣሪውን ብቻ ማመን አይገባም፤ በኬብል የሚሠራው ቆጣሪ ኬብሉ ሲፈታ መቁጠሩን ያቆማል። የእግር መርገጫው ጎማ፣ የእጅ መያዣው፣ የፍሬን ፔዳሉ መለስለስና የሰንሰለቱ ጥርስ መሾል ከቆጣሪው የበለጠ እውነት ይናገራሉ።

ነዳጅ ሲወደድ ገበያው ወደ ትንንሽ ሞተሮች ያዘነብላል። በ2014 ማብቂያ አዲስ አበባ ውስጥ ሊትሩ ከ50 ብር በታች የነበረው ቤንዚን በ2017 ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ ትንሽ የሚጠጣው ባለ 100 እና ባለ 125 ሲሲ ፈላጊው ይበዛል፤ ትልቁ ይቆማል።

ኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ደግሞ የተለመደውን ስሌት ለውጦታል። ሞተሩ ፋሻ የለው፣ ዘይት አይበላ፤ የሚያረጀው ባትሪው ነው፤ ባትሪውም ከጠቅላላ ዋጋው ትልቁን ድርሻ ይይዛል። የሊቲየም ባትሪ በየሙሌቱ ብቻ ሳይሆን ቆሞም ከዓመት ዓመት አቅሙ ይቀንሳል፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። በዚህ ላይ አዲሶቹ ሞዴሎች በየጊዜው እየተሻሻሉ ስለሚመጡ ያለፈው ዓመቱን ቶሎ ያስረጁታል። ያገለገለ ኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ሊገዛ የሚሄድ ሰው የምርት ዘመኑን ከመጠየቁ በፊት ሙሉ አስሞልቶ፣ ሰው ጭኖ፣ ዳገት ባለበት መንገድ ምን ያህል ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ይሞክር። ሲመረት ይሄድ የነበረውን ግማሽ ብቻ ከሄደ፣ አዲስ ባትሪ የሚያወጣውን ከተጠየቀው ዋጋ ላይ ቀንሶ ድርድሩን ከዚያ ይጀምር።