በአሜሪካ አየር ሃይል የሰልጣኝ አብራሪዎችና የአስተማሪዎቻቸው ወግ፦ ከዶላሩ በረራ እስከ ክንፍ ሰበራ

የአሜሪካ አየር ሃይል አብራሪ የሚያሰለጥንባቸው ዋና ዋና ቤዞች አራት ናቸው፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ኮሎምበስ፣ ኦክላሆማ ኢኒድ ላይ ቫንስ፣ ቴክሳስ ዴል ሪዮ ላይ ላፍሊን፣ እዛው ቴክሳስ ዊቺታ ፎልስ ላይ ደሞ ሼፐርድ። አብዛኞቹ ሰልጣኞች ገና ኮሌጅ የጨረሱ ምክትል መቶ አለቆች ናቸው፣ አንድ አመት ገደማ ይማራሉ፣ መጀመሪያ በፕሮፔለር በምትበረው ቲ-6 ቴክሳን 2፣ ከዛ ወደ ተዋጊና ቦምብ ጣይ የሚመደቡት ቲ-38 ታሎን የምትባለው ጄት ላይ ይወጣሉ። ስለ አውሮፕላኖቹ ብዙ ተብሏል፣ እኔ እዚህ የማወራው በሰልጣኙና በአስተማሪው መሀል ስላለው ወግ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ወጣት እዛ ቤት እንዴት አብራሪ እንደሚሆን ከማኑዋሉ በላይ የሚያሳየው ይሄ ወግ ይመስለኛል።

ወጉ እንዲገባን ግን መጀመሪያ ጥብቅነቱን ማወቅ አለብን። ሰልጣኝ በየበረራው ይመዘናል፣ እያንዳንዷ ዙርና እያንዳንዷ ማረፍ ማርክ አላት፣ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው አውሮፕላንም በአብዛኛው በዚሁ ውጤት ይወሰናል። ጠዋት ስታንድ አፕ የሚባል ነገር አለ። ሁሉም ቁጭ ብለው አስተማሪው አንድ አደጋ ያወራል፣ አሁን ከመሬት ተነስተሃል፣ የሞተር እሳት መብራት በራ፣ አውሮፕላኑ በእጅህ ነው ይልና አንድ ስም ይጠራል። የተጠራው ተነስቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሁሌም የሚጀምረው በተመሳሳይ ነገር ነው፣ አውሮፕላኑን እቆጣጠራለሁ፣ ሁኔታውን አይቼ ተገቢውን እርምጃ እወስዳለሁ፣ ሁኔታው እንደፈቀደ አርፋለሁ ይላል፣ ከዛ የቱን እንደሚነካ የቱን እንደሚያጠፋ በቅደም ተከተል ይናገራል። ከተምታታበት ቁጭ በል ይባልና ሌላ ሰው ካቆመበት ይቀጥላል፣ የተቀመጠው ልጅ ያን ቀን ላይበርም ይችላል። ቦልድፌስ የሚሏቸውን የአደጋ ጊዜ እርምጃዎች ደሞ ቃል በቃል ሸምድደው በጽሁፍ ይፈተኑባቸዋል፣ ተቀራራቢ መልስ ብሎ ነገር የለም። እንዲህ እየተፈተኑ ነው እንግዲህ ሌላው ጨዋታ ሁሉ የሚመጣው።

የመጀመሪያው ወግ ዶላር ራይድ ነው። ሰልጣኙ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላኑ ላይ የሚወጣበት በረራ ሲሆን ለአስተማሪው አንድ ዶላር ይሰጣል፣ ግን ደረቅ ዶላር አደለም፣ ሰልጣኙ ማታ ቁጭ ብሎ ያስጌጠው ነው፣ የክላሱን ስም ይጽፍበታል፣ አውሮፕላን ይስልበታል፣ አስተማሪው ድሮ ሲያበር የነበረውን ጄት ወይ የሚወደውን የእግር ኳስ ክለብ ይለጥፍበታል፣ አንዳንዱ ፍሬም ውስጥ አስገብቶ ይዞ ይመጣል። ይሄን ለመስራት ስለ አስተማሪው መጠየቅ ግድ ነው፣ ከየት ነው፣ ምን ሲያበር ነበር፣ ምን ያስቀዋል፣ ስለዚህ ገና አብረው ሳይበሩ ልጁ ሰውየውን ትንሽ አውቆታል ማለት ነው። አስተማሪዎች እነዚህን ዶላሮች አይጥሏቸውም፣ አመት በአመት እያጠራቀሙ ያቆዩዋቸዋል። ከቲ-6 ወደ ቲ-38 ሲያልፉም አዲስ አውሮፕላን ነውና እንደገና ዶላር አለ።

ሶሎ ግን ትልቁ ቀን ነው። አስተማሪው ከልጁ ጋር ጥቂት ዙር አብሮት ይዞርና ያረካው እንደሆነ ከኋላ ወንበር ወርዶ ይሄዳል፣ ከዛ ልጁ ብቻውን ይነሳል። ብቻውን ይባል እንጂ የሚያየው ሰው አለ፣ ማኮብኮቢያው ዳር ዙሪያዋን መስታወት የሆነች ትንሽ ቤት አለች፣ እዛ ውስጥ የተቀመጠ አስተማሪ ጎማው መውረዱን በአይኑ እያረጋገጠ በሬድዮ ይከታተላል። ልጁ በሰላም አርፎ አውሮፕላኑን አቁሞ ሲወርድ የክላሱ ልጆች ይጠብቁታል፣ ይይዙትና ከነፍላይት ሱቱ ውሃ የተሞላ ገንዳ ውስጥ ይጥሉታል። የሚሮጥም አለ፣ አንዳንድ ቦታ ሳይያዝ ገንዳው ጋ ከደረሰ ሊይዙት የመጡት ራሳቸው ይገባሉ። ኦክላሆማ ጥር ላይ ውርጭ ነው፣ ቢሆንም ይገባል። እኛ ለጥምቀት ውሃ ስንረጭ ማንም እንደማይቆጣው እዛም ያን ቀን የሚቆጣ የለም፣ ማርክ ሲሰጠው የከረመው አስተማሪም ዳር ቆሞ ይስቃል፣ አብሮ ፎቶ ይነሳል። ከሁሉም ልብ የሚነካው ይሄ ይመስለኛል፣ ያ ሁሉ ኮስታራ ሰው ልጁን አምኖ ከአውሮፕላኑ ወርዷል፣ ልጁም ተመልሷል፣ ሁለቱም ደስታቸውን የሚደብቁበት ምክንያት የላቸውም።

ባህር ሃይሉ ደሞ የራሱ አለው። ፍሎሪዳ ዋይቲንግ ፊልድ አካባቢ የሚሰለጥኑት ሶሎ ከወጡ በኋላ ክራቫት አስረው ይመጣሉ፣ አስተማሪው ክራቫቱን በመቀስ ይቆርጠዋል፣ ሰልጣኙ ደሞ ለአስተማሪው አንድ ጠርሙስ መጠጥ ያበረክታል።

ሌላው እያንዳንዱ ክላስ የራሱን ፓች ዲዛይን ማድረጉ ነው። ክላሶች በበጀት አመትና በተራ ቁጥር ነው የሚጠሩት፣ ቁጥር ግን ስሜት የለውምና ልጆቹ ስም ያወጣሉ፣ ስእል ይስላሉ፣ አሰፍተው ፍላይት ሱታቸው ላይ ይለጥፉታል፣ አርብ አርብ የሚለበስ ቲሸርትም ያሰራሉ። የቤቱን መክሰስና ለስላሳ የሚያሟላው ስናኮ ይባላል፣ ያው የጀማሪ ስራ ነው፣ ቡና ሲያልቅ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። መጋቢት ሲገባ ደሞ ፂም ነው፣ ሰልጣኙም አስተማሪውም ሪዝ ያሳድጋል፣ ይሄ የሚመጣው ከሮቢን ኦልድስ ነው፣ በቬትናም ጦርነት ጊዜ ታይላንድ ኡቦን ላይ 8ኛው የተዋጊ ክንፍ የሚባለውን የጦር ክፍል ያዘዘና እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1967 በአንድ ቀን 7 ሚግ-21 የተመታበትን ኦፕሬሽን ቦሎን የመራ ኮሎኔል ነው፣ ደንቡን ጥሶ ያሳደገውን ሪዝ አሜሪካ ሲመለስ የአየር ሃይሉ አዛዥ ራሳቸው ቁረጠው አሉት። መጠጡም ቢሆን በህግ ነው፣ ከመጠጥ እስከ በረራ ቢያንስ 12 ሰአት ማለፍ አለበት፣ ስለዚህ ጭፈራው አርብ ማታ ላይ ይበዛል።

ወደ መጨረሻው ድሮፕ ናይት አለ፣ ምደባ የሚነገርበት ማታ። ሰልጣኞቹ የሚፈልጉትን አውሮፕላን በቅደም ተከተል ጽፈው አስገብተዋል፣ ውጤታቸው፣ የአስተማሪዎቹ ግምገማና የአየር ሃይሉ ፍላጎት ተደምሮ ተወስኗል፣ እነሱ ግን አያውቁም። ኦፊሰርስ ክለብ ውስጥ ቤተሰብ፣ ፍቅረኛ፣ አስተማሪ ሁሉ ተሰብስቦ አንድ በአንድ ስማቸው እየተጠራ ይወጣሉ፣ በስክሪኑ ላይ የልጁ ፎቶ ይታያል፣ ከዛ ድንገት አውሮፕላኑ ብቅ ይላል፣ ኤፍ-16 ወይ ሲ-17 ወይ ሌላ፣ አዳራሹ በጩኸት ይናጋል። የፈለገውን ያላገኘም አለ፣ እሱም እዛው ሰው ፊት ቆሞ ነው የሚሰማው፣ እዚህ ጋ አስተማሪ ትከሻውን ይዞ የሚያወራው ነገር ከአመቱ ትምህርት ሁሉ የማይረሳው ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ምረቃ ላይ የአብራሪነት ምልክት የሆነው የብር ክንፍ ደረታቸው ላይ ይደረጋል፣ ብዙ ጊዜ እናት ወይ ሚስት ናት የምታደርግለት። ከዛ ከድሮው የጦር ሰራዊት አየር ክፍል ዘመን የወረደ ነው የሚባለው ክንፍ መስበር አለ። ተመራቂው የመጀመሪያውን ክንፉን ለሁለት ይሰብረዋል፣ ግማሹን ራሱ ይይዛል፣ ግማሹን በጣም ለሚወደው ሰው ይሰጣል፣ አብራሪው በህይወት እስካለ ድረስ ሁለቱ ግማሾች መገናኘት የለባቸውም፣ ከተገናኙ እድሉን ያበላሻል ይባላል፣ የሚገናኙት ሲሞት ነው።

አስተማሪውም የራሱ ቀን አለው። ቤዙን ሲለቅ ወይ ጡረታ ሲወጣ የመጨረሻ በረራውን ጨርሶ ሲወርድ ጓደኞቹ፣ ሚስቱና ልጆቹ በውሃ ጎማ ይቀበሉታል፣ ሻምፓኝ ይረጩበታል። በቬትናም ጊዜ 100 ተልእኮ የጨረሱትን እንዲህ ይቀበሏቸው ነበር፣ አሁን ፊኒ ፍላይት ይባላል።

ሁሉም ልማድ ግን ጥሩ ነበር ማለት አይቻልም። ድሮ ዶላሮቹም ዘፈኖቹም ፓቾቹም ላይ ሴቶችን የሚያዋርድ ስእልና ስድብ የተለመደ ነበር፣ ሴት ሰልጣኝ እዛው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ አየር ሃይሉ በየቢሮው አጠቃላይ ፍተሻ አድርጎ ከ32 ሺ በላይ ተገቢ ያልሆኑ ነገሮች አግኝቶ አስነሳ። ያኔ ባህላችን ሊጠፋ ነው ብለው የተቆጡ ነበሩ፣ ግን ገንዳው አለ፣ ዶላሩ አለ፣ ክንፉም ይሰበራል፣ የሄደው መሄድ የነበረበት ነው።

ለኛም ቅርብ የሆነ ነገር አለው። ቲ-38ን ሊተካ የተሰራው ቲ-7 ሬድ ሃውክ ስሙን ያገኘው በሁለተኛው የአለም ጦርነት ጊዜ አላባማ ቱስኪጊ ላይ ከሰለጠኑት ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪዎች ነው፣ የአውሮፕላናቸውን ጭራ ቀይ ይቀቡ ነበርና። ቱስኪጊ ላይ አቪዬሽን እንዲጀመር ከወተወቱት አንዱ ጆን ሮቢንሰን ነው፣ በጣልያን ወረራ ዋዜማ መጥቶ በወረራው ጊዜ የኢትዮጵያን አየር ሃይል የመራው፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ተመልሶ ወጣቶቻችንን መብረር ያስተማረው፣ እ.ኤ.አ. በ1954 እዚሁ አዲስ አበባ በአውሮፕላን አደጋ ህይወቱ ያለፈው ሰው። ከዛ በኋላም በንጉሱ ዘመን ከደብረ ዘይት አሜሪካ ሄደው የሰለጠኑ አብራሪዎች ብዙ ናቸው፣ ይሄንን የአሜሪካኖቹን ወግ ውስጡ ሆነው አይተውታል፣ የራሳቸውንም የሀረር ሜዳ፣ ማለትም የደብረ ዘይቱን ቤዝ ወግ ያውቃሉ። ዛሬ እድሜያቸው ገፍቷል። ልጅ ወይ የልጅ ልጅ የሆናችሁ ስልካችሁን አውጡና ሶሎ የወጡበትን ቀን፣ ማን እንዳስተማራቸው፣ ሲወርዱ ምን እንደተደረገላቸው ጠይቃችሁ ቅዱልን።