ብየዳው ነው የለቀቀው ወይስ ብረቱ? ስለ ብረት ማያያዝ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የበር ፍሬም ሲላቀቅ፣ የጭነት መኪና ባሌስትራ ሲሰበር ወይም የውኃ ታንከር ማቆሚያ ሲያዘነብል የመጀመሪያው ተከሳሽ በያጁ ነው። አንዳንዴ ክሱ ተገቢ ነው። ጎንበስ ብሎ ስብራቱን ለሚመረምር ሰው ግን ስንጥቁ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ብየዳው ላይ ሳይሆን ከብየዳው ጥቂት ሚሊሜትር ፈቀቅ ብሎ ነው። ስለ ብረት ማያያዝ የሚነገሩ ብዙ የተሳሳቱ ሐሳቦች የሚመነጩት ዓይናችን ከመጋጠሚያው መስመር ላይ ስለማይነሳ ይመስለኛል።

«የተበየደ ባሌስትራ የሚሰበረው በያጁ ስለማይችል ነው»

ባሌስትራ እንደ በር ብረት ተራ ብረት አይደለም። 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው፣ በሙቀትና በማቀዝቀዝ ሂደት የጠነከረ ስፕሪንግ ብረት ነው። ብየዳ ሲያርፍበት ከመስመሩ አጠገብ ያለው ክፍል በቅጽበት ይግላል፤ ከዚያ የቀረው ቀዝቃዛ ብረት ሙቀቱን መጥጦ በፍጥነት ያበርደዋል። እንዲህ በድንገት የበረደ ባለ ብዙ ካርቦን ብረት እንደ መስታወት ደረቅና ተሰባሪ ይሆናል። ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው ክፍል ደግሞ በተቃራኒው ይለዝባል። ስለዚህ ብየዳው ራሱ ያማረና የጠለቀ ቢሆንም መኪናው ጭነት ይዞ ጉድጓድ ሲመታ ባሌስትራው ከብየዳው ጎን ይቆረጣል። ጎበዝ በያጅም እዚህ ላይ ብዙ ሊያደርግ አይችልም። የተሰበረው የባሌስትራ ቅጠል ይቀየር እንጂ አይበየድ።

«ብየዳው በወፈረ ቁጥር ይጠነክራል»

በማዕዘን ላይ የሚጣል ብየዳ ጎኑ ከ6 ወደ 12 ሚሊሜትር ቢያድግ የመሸከም አቅሙ በእጥፍ ይጨምራል፤ የሚበላው ኤሌክትሮድ (እየቀለጠ መጋጠሚያውን የሚሞላው የብየዳ ዘንግ) እና ወደ ብረቱ የሚገባው ሙቀት ግን አራት እጥፍ ይሆናል። የመስኮት ብረት ግድግዳው 1.5 ሚሊሜትር ከሆነ መጀመሪያ የሚቀደደው እሱ ስለሆነ ተራራ የሚያክል ብየዳ ምንም አይጨምርለትም። የሚጨምረው መጣመም ነው። ተሞርዶ፣ ስቱኮ ተለቅልቆ፣ ቀለም የተቀባ ልስልስ መጋጠሚያም ምስክር አይሆንም፤ ብረቱ ውስጥ ዘልቆ ያልቀለጠ ብየዳ ከሞረዱት በኋላ ይብሱን ይሳሳል።

«7018 ከ6013 ስለሚበልጥ ምንጊዜም እሱን መጠቀም ነው»

6013 እና 7018 የኤሌክትሮድ ዓይነቶች መለያ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች የብየዳውን ዝቅተኛ የመሳብ ጥንካሬ በሺህ ፓውንድ በካሬ ኢንች ይገልጻሉ፦ 60,000 እና 70,000። ለተራ የግንባታ ብረት 6013 በቂ ነው። የ7018 ዋና ጥቅም ሽፋኑ ወደ ብየዳው የሚያስገባው ሃይድሮጅን አነስተኛ መሆኑ ነው፤ ለወፍራምና ለጠንካራ ብረት የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ይህ ጥቅም የሚሠራው ግን ኤሌክትሮዱ ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው። ከተከፈተ በኋላ ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባላነሰ ምድጃ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ክረምቱን ሱቅ ውስጥ ክፍት ሆኖ የከረመ 7018 እርጥበት ስለመጠጠ የተገዛበትን ምክንያት አጥቷል። ከእርጥበቱ የሚወጣው ሃይድሮጅን ወፍራም ብረትን ከብየዳው አጠገብ ይሰነጥቃል፤ ያውም ደንበኛው ሥራውን ተረክቦ ከሄደ በኋላ፣ አንዳንዴ ከሁለት ቀን በኋላ።

«መርከቦቹን የሰበራቸው ብየዳ ነው»

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ከ2,700 በላይ ሊበርቲ የተባሉ የጭነት መርከቦችን በሪቬት (ሉሆችን ወግቶ ጫፉ በመጨፍለቅ የሚይዝ ሚስማር) ፋንታ በብየዳ ሠራች፤ ብዙዎቹ ተሰነጠቁ። ጥር 16 ቀን 1943 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ደግሞ ስኬኔክታዲ የተባለች አዲስ ነዳጅ ጫኝ መርከብ በአሜሪካ ፖርትላንድ ወደብ፣ ማዕበል በሌለበት ውኃ ላይ ቆማ ለሁለት ልትገመስ ምንም አልቀራት። ጣት ወደ ብየዳው ተቀሰረ። ስንጥቆቹ ከደካማ ብየዳ ወይም ከሹል ማዕዘን የተነሱበት ጊዜ በእርግጥ አለ። ነገር ግን በእንግሊዝ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የብረታ ብረት ተመራማሪዋ ኮንስታንስ ቲፐር ያካሄደችው ምርምር ዋናው ጥፋት የብረቱ መሆኑን አሳየ፦ በቅዝቃዜ ጊዜ መተጣጠፉን ትቶ ተሰባሪ ይሆን ነበር። ብየዳው ያደረገው ለስንጥቁ መንገድ መክፈት ነው። በሪቬት የተያያዘ መርከብ ላይ ስንጥቁ አንዱ ሉህ ጫፍ ሲደርስ ይቆማል፤ አንድ ወጥ ሆኖ በተበየደው ላይ የሚያቆመው የለም።

«ሪቬት ጊዜው ያለፈበት ዘዴ ነው»

ከቦሌ የሚነሳ ቦይንግ 737 ላይ ሲሳፈሩ በሩ አጠገብ ቆዳውን ልብ ብለው ይመልከቱ፤ በረድፍ የተሰለፉ ትናንሽ ክቦች ይታያሉ። 2024 የተባለው የአካሉ አሉሚኒየም ከ4 በመቶ በላይ መዳብ ስላለበት አቅልጠው ሲበይዱት የመሰነጠቅ ጠባይ አለው። ባይሰነጠቅ እንኳ በዙሪያው ያለው ክፍል በፋብሪካ ሂደት ያገኘውን ጥንካሬ በሙቀቱ ያጣል። ሪቬት ግን ብረቱን አያቀልጠውም። ምናለሽ ተራ ውስጥ አሮጌ በርሜል ቀድደው ዕቃ የሚሠሩ ባለሙያዎች ጠርዝን ከጠርዝ አጥፈው በመዶሻ ሲቆልፉም ሙያ ስለጎደላቸው አይደለም፤ ስስ ቆርቆሮ በኤሌክትሮድ ቢነካ ይበሳል።

ብረቱን ሳያቀልጡ የነሐስ ወይም የብር ቅይጥ ብቻ አቅልጦ ማያያዝንም ብዙ ሰው ይንቀዋል፣ «ብረቱ ካልቀለጠ ምን ያያዘዋል?» ብሎ። ቶርኖ ቤት ገብቶ ማየት ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ብረት የሚልጠው የካርባይድ (እጅግ ጠንካራ የመቁረጫ ቁስ) ጥርስ ከመያዣው ጋር የተጣበቀው ብዙ ጊዜ በዚሁ ዘዴ ነው። ምስጢሩ ክፍተቱ ነው፤ ወደ 0.1 ሚሊሜትር ከጠበበ የቀለጠው ቅይጥ ራሱ ተስቦ ይሞላዋል። ክፍተቱን በቅይጥ ክምር ለመድፈን የሚሞክር ሰው ግን ደካማ ነገር ይሠራል።

«ቡሎን በተቻለ መጠን መጥበቅ አለበት»

ቡሎን የሚይዘው እንደ ተለጠጠ ስፕሪንግ ሁለቱን ሉሆች አጥብቆ በመጭመቅ ነው። ቁልፉ ላይ ከምናሳርፈው ጉልበት ግማሽ ያህሉ በዳዶው ስር፣ 40 በመቶ ያህሉ ደግሞ በጥርሱ ላይ በሰበቃ ይባክናል፤ ቡሎኑን የሚለጥጠው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥርሱን ዘይት ቀብተው በተለመደው ጉልበት ቢያጠብቁት ከሚገባው በላይ ይለጠጣል። ራሱ ላይ 8.8 የተጻፈበት ቡሎን የሚለጥጠው ጫና 640 ሜጋፓስካል (በካሬ ሚሊሜትር 640 ኒውተን) ገደማ ሲያልፍ ወደ ነበረበት አይመለስም። ቁልፍ ላይ ቱቦ ሰክተው የሚያጠብቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጠበቀልን የሚሉት ሊበጠስ የተቃረበን ነው።

የመጨረሻው ስለ ብረቱ ሳይሆን ስለ በያጁ ነው። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ቱቦ የሚበይድ ሰው ወተት ከጠጣ ጭሱ አይጎዳውም ይባላል። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ የብየዳ ቅስት ሙቀት ደግሞ ብዙ ሺህ ዲግሪ ነው። ነጩ ጭስ የሚገባው ወደ ሳንባ ሲሆን ወተቱ የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም። ማታ ብርድ ብርድ የሚለውና የሚያተኩሰው በያጅ ጉንፋን ሳይሆን ይኸው ጭስ ይዞት ይሆናል። መፍትሔው የሚበየደውን ቦታ ዚንኩን ሞርዶ ማንሳትና ነፋሱ ጭሱን ከፊቱ አርቆ እንዲወስድለት አድርጎ መቆም ነው።