0.1 በሲ ቋንቋ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፒያሳ ላይ ላለ ሱቅ የሒሳብ ፕሮግራም በሲ (C) የፕሮግራም ቋንቋ የሚጽፍ ጀማሪ ቶሎ የሚፈተነው በአስርዮሽ ቁጥር ነው። ስለዚህ ቁጥር በልማድ ከሚነገሩት ነገሮች አንዳንዶቹ የሰው ገንዘብ ያጎድላሉ።

«ፕሪንትኤፍ (printf፣ ውጤትን የሚያትመው የሲ ተግባር ወይም ፈንክሽን) 0.100000 ብሎ ካተመ፣ የተያዘው ቁጥር 0.1 ነው።»
አይደለም። ኮምፒውተሩ ክፍልፋይን የሚገነባው ከግማሽ፣ ከሩብ፣ ከስምንተኛ እያለ በየግማሹ በሚወርድ ድምር ነው። 0.5 እና 0.25 ሳይሸራረፉ ይገባሉ፤ አንድ አሥረኛ ግን እንዲህ ተደምሮ አያልቅም። ስለዚህ ፍሎት (float) የተባለው የአስርዮሽ ቁጥር መያዣ ዓይነት በአቅራቢያው ያለውን ይይዛል፦ 0.100000001490116119384765625። ፕሪንትኤፍ ካልታዘዘ በቀር ከነጥብ በኋላ 6 አኃዝ ብቻ ስለሚያሳይ ልዩነቱ ይደበቃል። ደብል (double) የተባለው ሰፋ ያለ ዓይነት ደግሞ ለ0.1 ይበልጥ የቀረበ ሌላ ቁጥር ይይዛል፤ የፍሎቱ እና የደብሉ 0.1 ሲነጻጸሩ እኩል የማይሆኑት ለዚህ ነው።

«ደብል ከተጠቀምን ችግሩ አለቀ።»
ከሁሉም የሚያስቆጨኝ ይህ ነው። 19.99 ብርን ወደ ሳንቲም ለመቀየር በ100 አባዝተን ኢንት (int) በተባለው የሙሉ ቁጥር መያዣ ውስጥ ብንከተው 1,999 ሳይሆን 1,998 እናገኛለን። ብዜቱ ደብል ውስጥ 1998.9999999999998 ነው፤ ወደ ኢንት ሲቀየር ደግሞ ክፍልፋዩ ተቆርጦ ይጣላል እንጂ አይጠጋጋም። ኤል-ራውንድ (lround) የተባለው ተግባር ያጠጋጋል። የሚሻለው ግን ገንዘብን ከመነሻው በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር መያዝ ነው። የሰው ገንዘብ የሚቆጥር ፕሮግራም በሌላ መንገድ ባይጻፍ እወዳለሁ።

«ሙሉ ቁጥር ከሆነ ፍሎት አይስትም።»
እስከ 16,777,216 ድረስ እውነት ነው። 16,777,217 ብር ፍሎት ውስጥ ሲገባ 1 ብር ይጎድላል፤ የወርቅ ቤት የዓመት ሽያጭ እዚህ ለመድረስ ብዙ አይርቀውም።

«ጽሑፍን ወደ ቁጥር ለመቀየር አቶፍ (atof) የተባለው ተግባር ይበቃል።»
ደረሰኝ ላይ ሺሕን በኮማ መለየት ልማዳችን ነው። «1,250.75» የሚለውን ለአቶፍ ብንሰጠው፣ በሲ መደበኛ ቅንብር ኮማው ላይ ቆሞ 1 ይመልሳል፤ ማስጠንቀቂያ የለም። «ዋጋ» የሚል ቃል ብንሰጠው 0 ይመልሳል፤ ይህንንም ከእውነተኛው 0 መለየት አይቻልም። ስትርቶድ (strtod) የተባለው ሌላ ተግባር ግን ንባቡ የት ላይ እንደቆመ በጠቋሚ (pointer) ያሳውቃል። ስለዚህ ኮማውን አስቀድሞ ማውጣት፣ ከዚያም ጠቋሚው የጽሑፉ መጨረሻ ላይ ካልደረሰ ዋጋውን ሳይቀበሉ ገንዘብ ተቀባይዋን እንደገና እንድታስገባ መጠየቅ ይገባል።