በአጥንት ካንሰር የ5 ዓመት የመትረፍ ዕድል ማለት ምንድን ነው?

አንድ ታዳጊ ጉልበቱ አካባቢ የአጥንት ካንሰር ተገኘበት እንበል። ሐኪሙ ግማሽ ሰዓት አስረድቷል፣ ቤተሰቡ ጆሮ ውስጥ የቀረው ግን አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ 60 በመቶ። ማታ ስልክ ይከፈታል። አንዱ ቦታ 76 ይላል፣ ሌላው 24። ከውጭ የሚደውል አጎት ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል። በቃ፣ እንቅልፍ የለም። የሚገርመው ነገር ቁጥሮቹ ሁሉም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ።

የ5 ዓመት የመትረፍ ዕድል የሚባለው፣ በሽታው ከታወቀበት ቀን አንስቶ 5 ዓመት ሲሞላ ከ100 ታማሚ ስንቱ በሕይወት እንዳለ የሚናገር ቁጥር ነው። «ከ5 ዓመት በላይ አይኖርም» ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እንደዛ ይረዳዋል፣ በከንቱም ይደነግጣል። በሌላ በኩል 5 ዓመት የሞላው ሁሉ ድኗል ማለትም አይደለም። ለምሳሌ ከአጥንት ካንሰሮች ልጆችንና ወጣቶችን በብዛት የሚይዘው ኦስቲዮሳርኮማ ከተመለሰ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ውስጥ ነው። 5 ዓመት ከሞላ በኋላ የመመለስ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል፣ ዜሮ ግን አይገባም።

ሌላው ሰው የሚረሳው ቁጥሩ ያለፈውን የሚያሳይ መሆኑን ነው። ዛሬ ለታመመ ልጅ የሚነገረው ከዓመታት በፊት የታከሙ ልጆች ውጤት ነው። ሕክምናው ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል፣ አንዳንዴም በፍጥነት። ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቀኝ ጉልበቱን ሲያመው ከዚያ በፊት የደረሰበት የመኪና አደጋ መዘዝ መስሎት የቅርጫት ኳሱ ውድድር እስኪያልቅ ቻለው። በ1977 በ18 ዓመቱ ኦስቲዮሳርኮማ መሆኑ ታወቀ፣ እግሩም ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። ያኔ የመትረፍ ዕድልህ 50 በመቶ ነው ተባለ፤ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ 15 በመቶ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ነው። ለምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ በ1980 በሰው ሠራሽ እግር አገሩን አቋርጦ ለመሮጥ ተነሳ፣ በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ሸፈነ። ካንሰሩ ሳንባው ላይ በመውጣቱ ሩጫውን አቆመ፤ በ1981 በ22 ዓመቱ አረፈ።

ሳንባው ላይ መውጣቱ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። ይህ በሽታ ከአጥንት ሲወጣ መጀመሪያ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ወደ ሳንባ ነው። ከ1970ዎቹ በፊት ሕክምናው እግር ወይም እጅ መቁረጥ ብቻ ነበር፣ እግሩ ተቆርጦም ግን ከ10 ሰው 8ቱ ገደማ ይሞት ነበር። ይህ ማለት እግሩ በሚቆረጥበት ቀን በዓይን የማይታዩ ሴሎች ቀድመው ሳንባ ደርሰው ነበር ማለት ነው። «ሳንባው ንጹህ ነው ካላችሁ ኬሞው ለምን?» የሚል ወላጅ ጥያቄው ልክ ነው፤ መልሱ ይሄ ነው። ሲቲ ስካን የሚያየው የተወሰነ መጠን የደረሰውን ብቻ ነው።

ወደ ቁጥሮቹ እንመለስ። በአሜሪካ አሃዝ ኦስቲዮሳርኮማው ከተነሳበት ቦታ ሳይወጣ ከተገኘ 5 ዓመት የሚደርሱት ሦስት አራተኛ ገደማ ናቸው። ሳንባ ወይም ሌላ ሩቅ ቦታ ደርሶ ከተገኘ ግን ሩብ ገደማ ብቻ። ሁሉም አንድ ላይ ሲደመሩ ወደ 60 በመቶ ይመጣል። እንግዲህ 76ም፣ 24ም፣ 60ም ከአንድ በሽታ የወጡ ናቸው፤ የተለያየው የተቆጠሩት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሐኪሙን «ስንት በመቶ?» ከማለት «ልጄ የትኛው ቡድን ውስጥ ነው?» ማለት በእኔ እይታ አሥር እጥፍ ይሻላል።

ቡድኑን ከሚወስኑት ነገሮች ትልቁ እንግዲህ መሰራጨቱ ነው። ያም ሆኖ ሳንባ ላይ ያሉት ጥቂት ሆነው በቀዶ ጥገና ሙሉ በሙሉ መውጣት ከቻሉ ረጅም ዕድሜ የሚኖሩ አሉ፤ «ሳንባ ገብቷል» ሲባል ለቅሶ መቀመጥ አይገባም። ቦታውም ወሳኝ ነው። ጉልበት አካባቢ ያለ ዕጢ ዙሪያውን ጤነኛ ሥጋ ጨምሮ ሊወጣ ይችላል፣ ዳሌ ወይም አከርካሪ ላይ ያለውን ግን እንዲህ አጥርቶ ማውጣት ከባድ ነው። ዕጢው በጣም ትልቅ ከሆነ፣ ታማሚው ከ40 ዓመት በላይ ከሆነ፣ ደም ምርመራ ላይ አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ከፍ ካለ ዕድሉ ዝቅ ይላል።

ደግሞ የካንሰሩ ዓይነት አለ። ኢዊንግ ሳርኮማ ለኬሞም ለጨረርም ይታዘዛል። ኮንድሮሳርኮማ በአብዛኛው ሁለቱንም እምብዛም አይሰማም፣ ተስፋው ቀዶ ጥገናው ላይ ነው፤ ሴሎቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ዝቅተኛ ደረጃ የሚሰጠው ዓይነት ግን ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ውጤቱ ጥሩ ነው። ከጡት ወይም ከፕሮስቴት ተነስቶ አጥንት ላይ የደረሰ ካንሰር ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፣ የእሱን ቁጥር እዚህ ማምጣት ሰው ማደናገር ነው።

አሁን እኔን በጣም የሚገርመኝ ክፍል። በኦስቲዮሳርኮማ ሕክምና ብዙውን ጊዜ ኬሞው የሚጀመረው ከቀዶ ጥገናው በፊት ነው፣ ለ10 ሳምንት ያህል። ከዚያ ዕጢው ያለበት አጥንት ይወጣና ወደ ፓቶሎጂስት ይሄዳል። እሱም አጥንቱን እንደ ዳቦ በስሱ ቆራርጦ በማይክሮስኮፕ እያየ የዕጢው ስንት በመቶ እንደሞተ ይገምታል። 90 በመቶና ከዚያ በላይ ከሞተ ደስ ይላል፣ ረጅም ጊዜ የመኖር ዕድሉ በግልጽ ከፍ ይላል። ከዚያ በታች ከሆነስ? መድኃኒት መጨመር ነዋ፣ ያስብላል። ሐኪሞችም እንዲሁ አስበው ዩራሞስ 1 በተባለ ጥናት ከ17 አገሮች ከ2,200 በላይ ታማሚዎችን መዘገቡ፣ በደንብ ላልሞተላቸው ሁለት መድኃኒቶች ጨምረው ሞከሩት። በ2016 የወጣው ውጤት ግን የመትረፍ ዕድሉን እንዳላሻሻለ አሳየ፤ ጭማሪው ያተረፈው የጎንዮሽ ጉዳት ነው። እንግዲህ 90 በመቶው ስለ ዕጢው ጠባይ ይነግረናል እንጂ ሐኪሙ እንደፈለገ የሚያስተካክለው ነገር አይደለም።

«እግሩ ካልተቆረጠ ይሞታል» የሚባለውም መስተካከል አለበት። ዕጢው ከነዳሩ ጠርቶ ከወጣ፣ እግሩን አትርፎ አጥንቱን በብረት በመተካትና እግሩን በመቁረጥ መካከል በመትረፍ ዕድል ልዩነት አልታየም። ግን ዕጢው ደም ሥርና ነርቭ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ቆዳውን ካፈነዳ፣ መቁረጥ ግድ ይሆናል።

እኛ አገር የቁጥሩ ትልቁ ጠላት ጊዜ ነው። ልጁ እግሬን አመመኝ ይላል፣ ኳስ ሲጫወት ተመትቶ ነው ይባላል። ወጌሻ ጋ ይሄዳል፣ ይታሻል። ትንሽ ይቆይና እብጠቱ ይጨምራል፣ ደግሞ ይታሻል። ወጌሻ ለወለምታ ጎበዝ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ሳምንታት ያለፉት፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ እብጠቱ እያደገ የሚሄድ የአጥንት ሕመም ከመታሸቱ በፊት ቢያንስ አንድ ኤክስሬይ ይፈልጋል። ለምርመራ ከዕጢው የሚወሰደውን ናሙናም ቢሆን ኋላ ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ሐኪም ቢወስደው ይመረጣል፣ ምክንያቱም በተሳሳተ ቦታ የተወጋ መርፌ ሊተርፍ የሚችለውን እግር ሊያስቆርጥ ይችላል።

የመድኃኒቱም ጉዳይ አለ። ከኬሞ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሜቶትሬክሴት በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ ደም ውስጥ ያለውን መጠን እየለኩ ሉኮቮሪን የሚባል ማርከሻ ማስከተል ያስፈልጋል። መለኪያው በሌለበት ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ዶክሶሩቢሲንና ሲስፕላቲን በሚባሉት ሌሎች የኬሞ መድኃኒቶች ይሠራሉ። ይህን እንኳን ጀምሮ «እግርህ ይቆረጣል» ሲባል የሚጠፋ አለ። ጸበሉም ጸሎቱም ከኬሞው ጎን ቢሄድ የሚከለክል የለም፣ ችግሩ ኬሞው ሲቋረጥ ነው። የቀረው ዕጢ ማደጉን ይቀጥላል፤ ታማሚው ከወራት በኋላ ሲመለስም ከላይ ካየነው የመጀመሪያው ቡድን ወደ ሁለተኛው ተሻግሮ ሊሆን ይችላል።

5 ዓመቱ ሞልቶ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባም ክትትሉ አያልቅም። ዶክሶሩቢሲን ከዓመታት በኋላ ልብ ሊያደክም ይችላል፣ ሲስፕላቲን ጆሮና ኩላሊት ይነካል፣ የመውለድ አቅምም ሊቀንስ ይችላል። የትኛውን መድኃኒት በምን ያህል መጠን እንደወሰደ የሚናገር ወረቀት አስጽፎ ቤት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከ15 ዓመት በኋላ «ደከመኝ» ብሎ ክሊኒክ ሲሄድ ሐኪሙን የልብ አልትራሳውንድ እንዲያዝ የሚያስታውሰው ያ ወረቀት ነው።