ሞተር ነከሰ ሲባል ምን ማለት ነው? ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ ሹፌር ሁሉ የሐረጎን ዳገት ያውቀዋል። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ራዲያተሩ የሚያፈስ መኪና ሙሉ ጭኖ እዚያ ላይ ሲሞቅና ሹፌሩ "ደሴ ደርሼ አየዋለሁ" ብሎ ሲነዳው፣ ፒስተኑ በሙቀት ይሰፋና ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ይያያዛል። ሞተር ነከሰ የሚባለው ይሄ ነው። ዘይት ሲያልቅም ያው ነው፤ ብሮንዚኑ (ክራንክ ሻፍቱን፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩትን ዘንግ፣ አቅፎ የሚይዘው ስስ ብረት) ክራንክ ሻፍቱ ላይ ይጣበቃል። ቁልፍ ስታዞሩ የሞተር ማስነሻው፣ ሞተሪኖው፣ አንዴ "ጣ" ይልና ጸጥ።

ግን "ጣ" ያለ ሁሉ አልነከሰም። ባትሪ ሊሆን ይችላል፣ ራሱ ሞተሪኖው ሊሆን ይችላል፣ ዲናሞው ወይም የኤሲው ኮምፕረሰር ተቆልፎ በቺንጋው (በቀበቶው) በኩል ሞተሩን ይዞት ሊሆንም ይችላል። ስለዚህ እባካችሁ በቁልፍ ደጋግማችሁ አታስጨንቁት። ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ የዲናሞውን ቺንጋ አስፈቱ፣ ካንዴላዎቹን (ነዳጁን የሚያቀጣጥሉትን) አስወጡ፣ ከዚያ የክራንክ ሻፍቱን ብሎን በመፍቻ ቀስ ብላችሁ በእጅ አዙሩት። ከዞረ አብሽሩ፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። በካንዴላው ቀዳዳ ውሃ ከተፋ ውሃ ገብቶበታል፤ ቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ብረት) ካልታጠፈ ይተርፋል። በጦርነቱ ጊዜ እንደቆሙት መኪኖች ወራት ሳይነሳ ከርሞ ከሆነ ደግሞ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ዝጎ ይሆናል። በየሲሊንደሩ ናፍጣ ጠብ አድርጎ ጥቂት ቀን ማሳደር ብዙ ጊዜ ያላቅቀዋል።

በእጅም እምቢ ካለ ዘይቱን አውርዳችሁ ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) አስከፍቱ። እዚያ ውስጥ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካያችሁ ብሮንዚኑ ተበልቷል። ይሄም ቢሆን ሞት አይደለም። ክራንክ ሻፍቱ ሬክቲፊካ (የሞተር መላጊያ ቤት) ገብቶ 0.25 ወይም 0.50 ሚሊ ሜትር ይላግና በዚያው ልክ ወፈር ያለ ብሮንዚን ይገባለታል። ብሎኩ ከተሰነጠቀ ወይም ቢዬላ ጎኑን በስቶ ከወጣ ግን ክርክር የለውም፣ ይቀየር።

ኮፓ ሳይከፍት "ይቀየር" የሚል ሜካኒክ ካጋጠማችሁ፣ እኔ ብሆን ሌላ ሜካኒክ እፈልጋለሁ። ያገለገለ ሞተር ዘይት ሳይቀየርለት ስንት ዓመት እንደሄደ ሻጩም አያውቅም። የራሳችሁን ግን ምን እንደገደለው ታውቃላችሁ። ሒሳቡን ስትሠሩም የብሮንዚኑን ዋጋ ብቻ አትዩ፤ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ማስላግ፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው)፣ የዘይት ፓምፕና የእጅ ዋጋ ሲደመር ከሌላ ሞተር ዋጋ ጋር የሚቀራረብበት ጊዜ አለ። ያኔ መቀየሩ ያዋጣል። ሞተሩን የምትገዙት ግን በእጅ ዞሮና የየሲሊንደሩ ኮምፕረሽን (የመጭመቅ አቅሙ) ተለክቶ ካያችሁ በኋላ ይሁን። ያችን የምታፈስ ራዲያተር ሳታሠሩ ደግሞ አትግጠሙት፤ እሱንም ትበላዋለች።

ሌላው ወረቀት ነው። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ሰነድ የሌለው ሞተር ረከሰ ብላችሁ ከገዛችሁ፣ መኪናውን ልትሸጡ ስትሉ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አይገጥምም። ሰነዱን ሳትይዙ ብር እንዳትከፍሉ።